የጥራጥሬ ተክሎችና የአፈር ባክቴሪያዎች የጋራ ኑሮ፤ በእምድብር ጓሮና በሠፋሪው ማሳ

ድርቅ በአንድ አካባቢ ሲደርስ አስቀድሞ የሚታየው የሰብል መድረቅ ነው፤ ቀጥሎም ከብት ያልቃል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሦስተኛው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ከቁጥር አይገባም። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ የሚያጣው ወተቱንና የእርሻ በሬውን ብቻ አይደለም፤ ፍጉንም ያጣል። ፍግ የተቋረጠበት መሬት ዝናቡ በተመለሰ ማግስት የቀድሞ ምርቱን አይሰጥም፤ ተክል ከአፈር አብዝቶ የሚፈልገው ናይትሮጅን የተባለው ምግብ ተሟጧልና። ስለዚህ ከድርቅ በኋላ የሚካሄድ የማቋቋም ሥራ እህል ከማደልና ዘር ከማከፋፈል አልፎ የአፈሩን ምግብ መመለስንም መጨመር ይኖርበታል።

ይህን ነገር በቅርብ ለመረዳት የእምድብር አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እምድብር በጉራጌ ዞን በቸሃ ወረዳ፣ ከወልቂጤ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ ዋና ምግብ እንሰት ነው። የቸሃን ሕዝብ አኗኗር ያጠናው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። እንሰት ለብዙ ዓመታት በግንዱና በአምቾው ምግብ አከማችቶ ስለሚቈይ የአንድ ወቅት ዝናብ ቢጓደልም ቤተሰቡን ይታደጋል። ይህ ብርታቱ ግን በፍግ ላይ የቆመ ነው። ከቤቱ አጠገብ ያለው ጓሮ ከከብቶቹ ማደሪያ በየዕለቱ የሚወጣውን ፍግ ይመገባል፤ ከጓሮው ራቅ ያለው ማሳ ግን የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይደርሰውም። ሕዝብ በበዛበትና መሬት በጠበበበት ስፍራ ግጦሹ ሲያንስ ከብቱ ያንሳል፤ ከብቱ ሲያንስ ፍጉ ያንሳል፤ ፍጉ ሲያንስ እንሰቱ ይቀጭጫል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንዲት ላም ብቻ የቀረችው ገበሬ፣ ዩሪያ የመግዛት አቅም ሳይኖረው፣ ለመሬቱ የሚሆን ናይትሮጅን ከየት ያገኛል? መልሱ በባቄላና በአተር ሥር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ባቄላ ወይም ሌላ ጥራጥሬ መዝራት ብቻውን አይበቃም። ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ጋር ሲጣመር ነው። ይህ ጥምረት የሚሠምረው ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ውርስ ሲገጥም ብቻ ነው። ዘሩን ገበሬው በእጁ ይዞ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ወገን ግን አያየውም። ብዙ የልፋት ዘመን ከንቱ የሚቀረው ይህ ሁለተኛው ወገን በመዘንጋቱ ነው።

ናይትሮጅን በአየር ሞልቶ ለተክል ለምን ራቀ?

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በሦስት ማሰሪያ የተቈራኘ በመሆኑ ተክል እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ፋብሪካ ይህን ማሰሪያ ለመፍታት ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ግፊት ይጠይቃል። የዩሪያ ዋጋ ከነዳጅ ዋጋ ጋር የሚወጣውና የሚወርደውም ስለዚህ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ይህንኑ ሥራ በለሰለሰ አፈር ውስጥ፣ በተራ የአየር ጠባይ ያከናውናሉ።

ባቄላ በተነሣበት መሬት ላይ የሚዘራ ገብስ ወይም ስንዴ እንደሚያምር የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በልምድ ያውቃል። ምክንያቱ በሙከራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። በዚያ ዓመት ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ናይትሮጅን በሌለው አሸዋ ላይ አተር ዘርተው የደረሱበትን አሳወቁ። ከእርሻ መሬት የተጠለለ የአፈር ውኃ ጠብ ያደረጉበት አተር በሥሩ ላይ ትናንሽ ቋጠሮዎች አብቅሎ ለመለመ፤ ውኃው ያልደረሰው ግን በረኃብ ቀጨጨ። ገብስን በሚመስለው አጃ ላይ ይኸው ውኃ ምንም ለውጥ አላመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤይሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ከቋጠሮው ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። ዛሬ የዚህ ባክቴሪያ ወገኖች በጠቅላላው ሪዞቢያ ይባላሉ።

የሁለቱ ወገኖች ውርስ

ጂን ማለት የወላጅን ጠባይ ለልጅ የሚያስተላልፍ፣ በእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ የውርስ ትእዛዝ ነው። በዚህ የጋራ ኑሮ ውስጥ ሁለት የውርስ መዝገቦች አሉ፤ አንደኛው የተክሉ፣ ሁለተኛው የባክቴሪያው። ቋጠሮ የሚበቅለው ሁለቱ መዝገቦች በየተራ ሲገለጡ ነው። አካሄዱም በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ደረጃ ጥሪ ነው። የተክሉ ሥር ፍላቮኖይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ አፈር ይለቃል። እያንዳንዱ የጥራጥሬ ዐይነት የራሱ ቅምም አለው፤ የአልፋልፋ ጥሪ ሉቴዮሊን የተባለው ንጥረ ነገር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1986 ታውቋል። በአፈር ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ይህን ጥሪ የሚሰማው ኖድ ዲ የሚባለው ጂን ከጥሪው ጋር የሚገጥምለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ መልስ ነው። ጥሪውን የሰማው ባክቴሪያ ኖድ ኤ፣ ኖድ ቢና ኖድ ሲ የሚባሉ ጂኖቹን ያስነሣል። እነዚህም አንድ መልእክት ይሠራሉ፤ መልእክቱ አጭር የስኳር ሰንሰለት ሲሆን በአንድ ጫፉ የስብ ጅራት አለው። ሦስቱ ጂኖች በአብዛኞቹ ወገኖች ዘንድ ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሌሎች ጂኖች ናቸው፤ እነርሱ በሰንሰለቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ምልክት እየጨመሩ መልእክቱን ለአንድ የተክል ዐይነት ብቻ እንዲሆን ያደርጉታል። የዚህ መልእክት ትክክለኛ ቅርጽ በፈረንሳይ ሀገር በቱሉዝ ከተማ ባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ተገለጠ።

ሦስተኛው ደረጃ መቀበል ነው። በሥሩ ጸጉር ላይ መልእክቱን የሚለዩ ተቀባዮች አሉ። እነዚህን ተቀባዮች የሚሠሩት የተክሉ ጂኖች እ.ኤ.አ. በ2003 ታውቀዋል። መልእክቱ ከተቀባዩ ጋር ከገጠመ የሥሩ ጸጉር ይታጠፋል፣ ባክቴሪያውን አቅፎ በቀጭን መተላለፊያ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ በዚያም ቋጠሮ ይበቅላል። ካልገጠመ በሩ ይዘጋል። ነገሩ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው፤ ቁልፉ የባክቴሪያው፣ ጓጉንቸሩ የተክሉ።

በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን የሚያሳዩ ሁለት ታወቁ ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው የአፍጋኒስታን አተር ነው። ይህ አተር በአውሮፓ አፈር በተዘራ ጊዜ በአካባቢው ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ቋጠሮ አላበቀለም። ከቱርክ አፈር የተገኘ አንድ ባክቴሪያ ግን ቋጠሮ አበቀለበት። ምርመራው ሲጠናቀቅ በሁለቱ ባክቴሪያዎች መካከል ያለው ወሳኝ ልዩነት ኖድ ኤክስ የሚባል አንድ ጂን ሆኖ ተገኘ፤ ሥራውም በመልእክቱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት መጨመር ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ከተክሉ ወገን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ቋጠሮ የማያበቅል አኩሪ አተር መገኘቱ ተገለጠ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የጐደለው ነገር የመልእክት ተቀባዩ ጂን መሆኑ ታወቀ። በመጀመሪያው ቁልፉ፣ በሁለተኛው ጓጉንቸሩ ተበላሽቷል፤ ለገበሬው የሚታየው ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ቢጫ ቅጠልና ባዶ ሥር።

የአንድ ቤተሰብ ልጆች፣ የተለያየ ቁልፍ

በሀገራችን የተለመዱት ጥራጥሬዎች በባክቴሪያ ፍላጎታቸው በቡድን ይከፈላሉ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ የባክቴሪያ ወገን ይገለገላሉ። ስለዚህ አተር ለብዙ ዘመን በተዘራበት መሬት ላይ ባቄላ ቢዘራ ተጓዳኙን ከአፈሩ ያገኛል። ሽምብራ ግን ከዚህ ወገን ጋር አይጣመርም፤ የራሱ ወገን አለው። ቦሎቄም ሌላ፣ አኩሪ አተርም ሌላ ነው።

በደጋው ሣር ውስጥ በክረምት የሚያብበው ማገጥ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ልዩ ጠባይ አለው። የማገጥና የባቄላ ባክቴሪያዎች በዝርያ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በያዙት የቁልፍ ጂኖች ብቻ ነው። እነዚህ ጂኖች ከባክቴሪያው ዋና መዝገብ ተለይተው ፕላዝሚድ በሚባል ትርፍ የውርስ ቀለበት ላይ ይቀመጣሉ። በእንግሊዝ ሀገር በጆን ኢንስ ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ይህ ቀለበት ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሲሻገር ቋጠሮ የማብቀል ችሎታም አብሮ እንደሚሻገር አሳዩ። ይህ ማለት የባክቴሪያው ስም ብቻ ለገበሬው ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። ወሳኙ የተሸከመው ጂን ነው።

የሀገራችን አፈር በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና በውጭ ሀገር ተቋሞች ያሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከሚበቅሉ የጥራጥሬ ወገን ዛፎች ሥር ባክቴሪያዎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት አዲስ ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋውቀዋል። ከዝርያዎቹም ሁለቱ ለሐዋሳና ለአቢሲንያ መታሰቢያ የሆነ ስም ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ ቦሎቄ ሥር የተገኘ ሌላ ዝርያ በኢትዮጵያ ስም ተሰይሟል። እንሰት በሚተከልባቸው ደጋማ አካባቢዎች ለአጥር የሚያገለግለው ኮርችም ቢሆን ከጥራጥሬ ወገን ነው፤ በሥሩ ቋጠሮ እንደሚያበቅልና ከልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ጋር እንደሚኖር በጥናት ታውቋል። ገበሬው በአጥሩ ላይ የሚያየው ዛፍ ሳያውቀው የናይትሮጅን ጐተራ ሆኖ ይኖራል፤ ቅጠሉ ተቈርጦ ከፍግ ጋር ሲበሰብስ ጓሮውን ይመግባል።

በቋጠሮው ውስጥ ያለው ሥራ

ቋጠሮ መኖሩ ብቻ ናይትሮጅን ተገኘ ማለት አይደለም። ወደ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ኒፍ የሚባሉ ሌሎች ጂኖቹን ያስነሣል፤ እነዚህም ናይትሮጅኔዝ የተባለውን ሠራተኛ ፕሮቲን ያዘጋጃሉ። ናይትሮጅኔዝ በመካከሉ ብረትና ሞሊብዲነም ይይዛል። ለአንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 የኃይል ስንቅ ያጠፋል፤ ስንቁ ሁሉ ፎስፈረስ ባለበት ንጥረ ነገር የሚቀርብ ሲሆን ባለዕዳው ተክሉ ነው። ስለዚህ ፎስፈረስ በጐደለው መሬት ላይ ትክክለኛው ባክቴሪያ ቢገኝም ሥራው አይሰምርም።

ሌላው ችግር ናይትሮጅኔዝ በኦክሲጅን የሚበላሽ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ግን ለመተንፈስ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ይህን እንቆቅልሽ የሚፈታው ተክሉ ነው፤ ሌግሄሞግሎቢን የተባለ፣ ከደማችን ቀይ ቀለም ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ሠርቶ ኦክሲጅኑን በልክ እየመጠነ ለባክቴሪያው ያደርሳል። የሚሠራ ቋጠሮ ሲሰነጠቅ ሐምራዊ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም ባክቴሪያው ሰነፍ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ዘመኑ አልፏል።

ተክሉ የቋጠሮውን ቁጥርም ይቈጣጠራል። በአፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ከበዛ ቋጠሮ ማብቀሉን ያቆማል፤ ያለ ልክ ቋጠሮ የሚያበቅል አኩሪ አተር እ.ኤ.አ. በ1985 በአውስትራሊያ ከተገለጠ በኋላ በተደረገው ምርምር ትእዛዙ የሚወጣው ከቅጠሉ መሆኑ ታውቋል። ስለሆነም በጥራጥሬ ማሳ ላይ ዩሪያ ያበዛ ገበሬ ገንዘቡን ከማጥፋቱም በላይ ነፃውን ምንጭ ይዘጋል።

የሠፋሪው ማሳ

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከሠፈራ ጋር ያለው ግንኙነት ቀላል አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም እንዲሠፍር ተደርጓል። ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ ነበሩ፤ በበሽታና በችግር ያለቀውም ሰው ብዙ ነው። ከሞት የተረፈው ሠፋሪ ከገጠሙት ፈተናዎች አንዱ የማያውቀው አፈር ነበር። በወሎ ደጋ ባቄላና ምስር ሲዘራ የኖረ ገበሬ በጣና በለስ ቆላ የለመደው ዘር አይስማማውም። የሚሰጠው አኩሪ አተርን የመሰለ አዲስ ሰብል ነው።

የአኩሪ አተር አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው። ተስማሚ ባክቴሪያውም ከእርሱ ጋር የኖረው በዚያ ነው። በኢትዮጵያ አፈር ውስጥ ከአኩሪ አተር ጋር ቋጠሮ የሚያበቅሉ ባክቴሪያዎች የተገኙ ቢሆንም በየስፍራው አይገኙም፣ ሲገኙም ሁሉም እኩል አይሠሩም። ስለዚህ አዲስ መሬት ላይ አኩሪ አተር ዘርቶ ባክቴሪያውን ያልጨመረ ሠፋሪ ጥራጥሬ የዘራ ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ የዘራው አፈሩን እንደ በቆሎ የሚበላ ተክል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ምርት የሠፋሪው ተስፋ ነው። በዚያ ዓመት ማሳው ቢጫ ከሆነ ገበሬው መሬቱን ይረግማል ወይም ዘሩን ይጠላል፤ የጐደለው ግን ሁለተኛው ወገን ነበር።

ዛሬ በፓዌና በአካባቢው አኩሪ አተር የተለመደ ሰብል ሆኗል፤ የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ ሰብል ላይ ይሠራል። በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ከዘር ጋር የሚታሸው ባክቴሪያ ሕያው ማዳበሪያ ይባላል። ለአኩሪ አተር፣ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለቦሎቄ የሚሆነው በሀገር ውስጥ ሲዘጋጅ ቈይቷል። አንዱ ለሌላው እንደማይተካ ከላይ ከተነገረው መረዳት አይከብድም፤ የባቄላው ፓኬት ለአኩሪ አተር ከንቱ ነው።

የገባው ባክቴሪያ ለዘለዓለም እንዳለ እንደማይቀርም ማወቅ ያስፈልጋል። በኒው ዚላንድ ሎተስ የሚባል የግጦሽ ተክል ከአንድ ባክቴሪያ ጋር በተዘራበት መሬት ላይ ከሰባት ዓመት በኋላ ምርመራ ሲደረግ በቋጠሮዎቹ ውስጥ የተገኙት ብዙዎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 እንደተገለጠው በአካባቢው አፈር ይኖሩ የነበሩት ተሕዋስያን የቁልፉን ጂኖች ከእንግዳው ተቀብለው ራሳቸው ቋጠሮ አብቃይ ሆነዋል። በምዕራብ አውስትራሊያ በሌላ የግጦሽ ጥራጥሬ ላይ ተመሳሳይ ነገር በታየ ጊዜ ደግሞ ቁልፉን ከተቀበሉት አንዳንዶቹ በሩን መክፈት እንጂ ናይትሮጅን መሥራት በሚገባ አልቻሉም። ቋጠሮው ሞልቶ ማሳው የሚቀጭጭበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ምርመራውም በየጊዜው መደገም የሚገባው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ገበሬ ጥራጥሬ ካማረበት ማሳ ጥቂት አፈር ወስዶ ወደ አዲሱ መሬት ቢበትን ባክቴሪያው አብሮ ይሻገራል። ይህ ዘዴ ሕያው ማዳበሪያ በፋብሪካ ከመዘጋጀቱ በፊት በውጭ ሀገርም ይሠራበት ነበር። ነገር ግን ከአፈር ጋር የሰብል በሽታና የአረም ዘር ይጓዛል። በተለይ እንሰት በሚተከልበት አካባቢ አጠውልግ በሽታ ካለበት ጓሮ አፈርም ሆነ የተክል ቅሪት ማዛወር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

የእምድብር ማሳ

በእምድብር ያለው ችግር ከሠፋሪው ይለያል። በዚህ አካባቢ ባቄላና አተር አዲስ ስላልሆኑ ተጓዳኙ ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ፈተናው አፈሩ ራሱ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋማና ወይና ደጋ መሬቶች ላይ ካልሲየም ታጥቦ ስለሚሄድ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ በጉራጌ ብዙ ስፍራም ይኸው ይታያል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 እጅ በላይ በዚህ ችግር የተነካ እንደሆነ ይገመታል።

ኮምጣጣ አፈር የጋራ ኑሮውን በአራት መንገድ ይጎዳል። የሚሟሟው አሉሚኒየም የተክሉን ሥር ያቀጭጫል። የባክቴሪያው ቁጥር ይመነምናል። ሞሊብዲነም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ናይትሮጅኔዝ ዋና መሣሪያውን ያጣል። ፎስፈረስም በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ይቀራል፤ ስንቁ ይቋረጣል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ሕያው ማዳበሪያ ብቻ ማቅረብ ሠራተኛ ቀጥሮ መሣሪያውንና ምግቡን እንደ መከልከል ይቈጠራል። አስቀድሞ ኖራ መጨመር፣ ኖራ ከሌለ የተብላላ ፍግና የምድጃ ዐመድ ማሳው ላይ መበተን፣ ከዚያም ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በመጠኑ መጨመር ያስፈልጋል። ከባክቴሪያዎቹ መካከል ኮምጣጣ አፈርን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችሉ ስለሚገኙ ከአካባቢው አፈር ብርቱዎቹን መርጦ ማራባት ሌላው የምርምር መንገድ ነው።

የማሳ ምርመራ አሠራር

የልማት ሠራተኛውና ገበሬው ያለ ቤተ ሙከራ ሊያደርጉት የሚችሉት ምርመራ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ማሳው ሲዘራ ሦስት ጠባብ መደቦች ይለያሉ። የመጀመሪያው ዘር ብቻ፣ ሁለተኛው ሕያው ማዳበሪያ የታሸ ዘር፣ ሦስተኛው ዘርና ዩሪያ ይቀበላል። ባክቴሪያው ወደ ሌላው መደብ እንዳይሻገር ያልታሸው ዘር በቅድሚያ ይዘራል።

ሁለተኛ፣ ሕያው ማዳበሪያው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በጥላ ይቀመጣል፣ የማብቂያ ቀኑ ይታያል። ዘሩ በትንሽ የስኳር ውኃ ከረጠበ በኋላ በጥላ ሥር ይታሻል፤ በዚያው ቀን ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይለብሳል። ከኬሚካል ማዳበሪያ ወይም ከፀረ ሻጋታ መድኃኒት ጋር አይደባለቅም።

ሦስተኛ፣ ተክሉ ማበብ ሲጀምር ከየመደቡ ዐሥር ዐሥር ተክል በመቈፈሪያ ይነሣል። በእጅ መንቀል ቋጠሮውን በአፈር ውስጥ ያስቀረዋል። ሥሩ በውኃ ቀስ ብሎ ይታጠባል፣ ቋጠሮው ይቈጠራል፣ አምስት ስድስቱ በጥፍር ተሰንጥቀው የውስጥ ቀለማቸው ይታያል።

አራተኛ፣ ውጤቱ ይተረጐማል። ሦስቱም መደቦች እኩል ከለመለሙና የመጀመሪያው መደብ ቋጠሮ ቀላ ያለ ከሆነ የአፈሩ ባክቴሪያ ይበቃል ወይም አፈሩ በራሱ ናይትሮጅን አለው፤ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሁለተኛው መደብ ከመጀመሪያው ልቆ ከሦስተኛው ከተካከለ የጐደለው ባክቴሪያው ነበር። ዩሪያ ያገኘው መደብ ብቻ ከለመለመ ባክቴሪያው ሥራውን አልሠራም፤ አለዚያም ኮምጣጣነት ከልክሎታል። ሦስቱም ከቀጨጩ ችግሩ ናይትሮጅን አይደለም፤ ፎስፈረሱና የአፈሩ ኮምጣጣነት ይመርመር።

ከምርቱ በኋላ የሚሆነውም ሊታሰብ ይገባል። በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ ባቄላ በአንድ ሄክታር ከ50 እስከ 200 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከአየር ሊያስገባ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ አብዛኛው በፍሬው ውስጥ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል። ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ገለባው ተሸጦ ከሄደ ለመሬቱ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሥሩ በአፈር ከቀረ፣ ገለባውንም ላሟ በልታ ፍጉ ወደ ማሳው ከተመለሰ ግን ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከባቄላው ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ እንሰቱ ይደርሳል። አንዲት ላም ብቻ ለቀረችው የእምድብር ገበሬ የጥራጥሬው ትርፍ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ጥራጥሬ ብቻውንም ሆነ ባክቴሪያው ብቻውን የተራቈተ መሬትን አያድንም። ከድርቅ በኋላ ዘር በሚታደልበት መጋዘን ሁሉ ከዘሩ ዐይነትና ክብደት ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ይኸውም ይህ ዘር በሚሄድበት አፈር ውስጥ ተጓዳኙ አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ካለ ገበሬው ሥሩን ቈፍሮ እንዲያይ ይነገረው። ከሌለ ፓኬቱ ከዘሩ ጋር በአንድ ጭነት ይሂድ።